ለልብስ ሰፊዋ የተቀቀለው ፍርምባ

በርሜሉ ሲባል ሰውየው ወፍራም እንዳይመስላችሁ። ሸንበቆ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ «ኧረ ግድግዳ ያዝ!» የሚባል ዓይነት። ስሙ የወጣለት ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ከደረደራቸው በርሜሎች ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ውስጥ ፍርምባ ሲዘፈዝፍ ኖረ። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከእኔ ይልቅ በርሜሎቹን ነው የሚያቅፈው» እያለች ለጎረቤት ታማው ነበር። ውሸቷንም አልነበረም።

ፍርምባ መቼም የበሬ ደረት ነው። በሬው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ቦታ ስለሆነ ሥጋው እልኸኛ ነው፤ ቶሎ አይበስልም፣ ቶሎ አይታኘክም። ሌላው ሥጋ ሻጭ ይቆርጠዋል፣ ይመዝነዋል፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፤ አለቀ ደቀቀ። በርሜሉ ግን መጀመሪያ ውሃ ያፈላል። ድፍን ድፍን ያለ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ቅርንፉድ ይጨምርበታል። የሥጋውን ቅላት የሚያቆየውን ልዩ ጨውም በማንኪያ ጫፍ ጣል ያደርጋል። ውሃው ሲበርድ ፍርምባውን ይነክርና እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጭንበታል። ከዚያማ ሳምንት አለፍ እስኪል መጠበቅ ነው። ሥጋው ጨዉን ጠጥቶ ጠጥቶ እስከ ልቡ ይዘልቀዋል፤ ሲቀቀልም ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ እንዳፈረች ልጃገረድ ጉንጭ።

«ያው ፍርምባ አይደል እንዴ? ምን ልዩነት አለው?» ያለ ደንበኛ ወዮለት።

«አንተ ወንድም አለህ?»

«አለኝ።»

«አንድ ናችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«በቃ። ከአንድ ሆድ ወጥተው አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀረ፣ አንዱ ባሕር ገብቶ ወጣ። ሂድና ወረፋህን ጠብቅ።»

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በበርሜሉ ቤት ድስት ውስጥ ጨው ገብቶ አያውቅም። ጨውማ ሥጋው ራሱ ይዞት ይመጣል! የቤቱ ሥራ ጨው ማስወጣት ነው። ማታ ሥጋውን በንጹሕ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ጠዋት ውሃውን ይቀይራል፣ ጥዶ አንዴ ሲፈላ ውሃውን ይደፋል፣ እንደገና ሞልቶ ይቀቅላል። እጁ ይህን ከለመደ ስንት ዘመኑ! ልቡ ሌላ ቦታ ቢሆንም እጁ ሥራውን ያውቃል።

ልቡ ደግሞ ሌላ ቦታ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ፣ ክንዷ ሞላ ያለ ሴትዮ ናት። በርሜሉ ሸሚዙን እንድታስተካክልለት ይወስድላታል፤ ቁልፍ ወደቀ ይላል። ቁልፉ የሚወድቀው በራሱ እጅ ተጎትቶ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች፤ እሱ ብቻ ነው አለማወቃቸውን የሚያምነው። እሷም በተራዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ ትመጣለች። «ከሰባው በኩል ይቁረጡልኝ፣ እርስዎ ያውቁበታል» ትላለች። ይቆርጣል። ሚዛኑን ሳይሆን እሷን ያያል። ታላቅ እህቱ ደግሞ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣ ሁለቱንም ታያለች። ይቺ እህት አብራው ነው የምትኖረው፤ ምላሷ ከሥጋ ቢላዋው ይስላል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ልብስ ሰፊዋ ባዶ ቅርጫት ይዛ መጣች።

«ዛሬ አልገዛም፤ ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት» አለች። «ሐኪሙ ጨው በአፍሽ እንዳይዞር ብሎኛል፣ ግፊቴ ጣራ ነክቷል። ልጄም ይህን ሰምቶ እኔ ጋ መጥተሽ ኑሪ እያለ ነው። እዚያ ሩቅ ከተማ። እሁድ ማታ ይደውላል፣ ቁርጡን ንገሪኝ ብሏል።»

በርሜሉ ቢላዋውን አስቀመጠ። ጨው የከለከላት ሐኪም፣ እሷን የሚወስድ ልጅ፤ ሁለት ጥፊ በአንድ ጉንጭ! አፉ እንዴት እንደተከፈተ አያውቅም።

«እሁድ ምሳ... እኔ ቤት ይብሉ።»

«ምን ልበላ? እርስዎ ቤት ያለው ጨው ብቻ!»

«ጨው የሌለበት እሠራለሁ። ተራውን ፍርምባ። ለእርስዎ ብዬ።»

ሳቀች፣ «እሺ» ብላ ወጣች። በሩ ሳይዘጋ እህቱ ጀመረች።

«አንተ ልጅ!» ስድሳ ዓመት ቢያልፈውም ለእሷ ልጅ ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል አልሰማህም? ሰው የሚያውቅህ በአንድ ነገር፣ እሱን ደብቀህ ሴት ልታገባ?»

«ማን አገባለሁ አለ?»

«ሸሚዝህ።»

በርሜሉ የሸሚዙን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈነ።

ቅዳሜ ማታ ምርጡን ፍርምባ፣ በርሜል ያልነካውን፣ ቆርጦ ቤቱ ወሰደ። ምን ልበላት? ከየት ልጀምር? «እመቤቴ» ልበል ወይስ «ጎረቤቴ»? እያለ ሲብሰለሰል እጁ ሥራውን ቀጠለ። ሥጋውን በንጹሕ ውሃ ዘፈዘፈው። እሁድ ጠዋት ውሃውን ቀየረለት። ጣደው፣ አንዴ ሲፈላ ውሃውን ደፋው፣ እንደገና ሞላበት። እህቱ በኩሽናው በር አንገቷን አስግጋ አየችው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «እኔ ምን አገባኝ፣ ለእኔ አልተሠራ» ብላ ሄዳ ሳሎን አረፍ አለች። ለምሳው ግን ከሁሉም በላይ የጓጓችው እሷ ነበረች።

ልብስ ሰፊዋ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ መጣች። ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ጎመን ቀርቧል። በርሜሉ ፍርምባውን ከድስት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

እናንተዬ! አመድ መሰለ። የታጠበ፣ የተጨመቀ፣ ፀሐይ ላይ የተረሳ ካልሲ መሰለ።

«ይሄ... ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቀላ የማይለው በርሜል ስላልገባ ነው» አለ በርሜሉ፣ ላቡን እየጠረገ። «መልኩን አይመልከቱ። ጣዕሙ...»

ጎረሰች። አኘከች። እሱም ጎረሰና አኘከ። ውሃ ነው፤ የሚታኘክ ውሃ። ከእጁ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። አንገቱን ደፋ። ሊጠይቃት ያሰበውን ጥያቄ ከሥጋው ጋር ዋጠው። የትኛዋ ሴት ናት በዚህ ምሳ ላይ እሺ የምትለው?

እህቱ ተነሳች። ኩሽና ገብታ አንድ ሳህን ይዛ ተመለሰች፤ ለራሷ የደበቀችው፣ ጨው የጠጣው ፍርምባ፣ ቀይ፣ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ሽታው ብቻ የሚያጠግብ።

«ወንድሜ እንዲህ ያለ ሥጋ ሲሠራ ነው ወንድሜ» አለች። «በይ ብዪ፣ ቤታችን ተዋርዶ አይቅር። አንድ ቀን ቢበሉት አይገድልም።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ፈጠጠ። ምራቋን ዋጠች። «እውነት ነው፣ አንድ ቁራጭ ምን ታደርገኛለች» ብላ እጇን ዘረጋች።

በርሜሉ ሳህኑን መነተፋት። ከጠረጴዛው ብድግ ብሎ፣ በዚያ ሸንበቆ ቁመቱ ተንጠራርቶ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው።

«አትነኪውም!»

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ እኮ ናት!» አለች እህቱ።

«እንግዳም ብትሆን! አንዷን ቀብሬያለሁ፣ ይበቃኛል! ሁለተኛ ሚስት በገዛ ጨዌ ልቅበር እንዴ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ወጣ፣ ወጣ ነው። በርሜሉ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከሰቀለው ሥጋ ይበልጥ።

ልብስ ሰፊዋ ሹካዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«መቼ ነው ያገባኸኝ? እኔ እኮ አልሰማሁም።»

«እሱን ልጠይቅሽ ነበር» አለ። «ከሥጋው በኋላ። ሥጋው ግን እንደምታዪው...»

«እስቲ ሥጋውን ምን አድርገኸው ነው?»

ነገራት። ዘፈዘፍኩት፣ ውሃ ቀየርኩለት፣ የመጀመሪያውን ደፋሁት። እሷ ከሳቅ ብዛት ወንበሩን ያዘች።

«ያልጠጣውን ጨው ነው እንዴ ስታስወጣለት ያደርከው? ያለችውን ጣዕም አጥበህ ደፋሃት እኮ!»

በርሜሉ ግንባሩን በመዳፉ መታ። እህቱ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እያየሽ ነበር አይደል?» አላት።

«ሴትዮዋ ትወድህ እንደሆነ ማወቂያው ይሄ ነበር። በጥሩ ምሳማ ማንም ይወድሃል።»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ሽንኩርት አምጡ፣ ብዙ! ነጭ ሽንኩርት አለ? ቲማቲም? ኮምጣጤስ? የእናንተ በርሜል ሳምንት ሙሉ የሚሰጠውን፣ ለተራው ፍርምባ እሳትና ድስት ናቸው የሚሰጡት። መጀመሪያ ፊቱን በዘይት ማቁላት፣ ከዚያ ሽንኩርት ማልበስ፣ ከድኖ ረጋ ባለ እሳት መተው። ይሄኛው እንኳ ቀድሞ ተበድሏል፤ እስቲ ነፍስ እንዝራበት።»

ሦስቱም ኩሽና ገቡ። እህትየዋ ሽንኩርት እየከተፈች አለቀሰች፤ «ከሽንኩርቱ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። በርሜሉ ድስቱን አስር ጊዜ ሊከፍት ሲል ልብስ ሰፊዋ እጁን ትመታዋለች፤ ክዳን እየከፈቱ ሥጋ አይበስልም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክዳኑ ሲነሳ ሥጋው ቡኒ ሆኗል፣ በሹካ ሲነኩት ፍርክስ ይላል። እንደ በርሜል ሥጋ ቀይ አይደለም፣ ስስ ስስ ተደርጎም አይቆረጥም። ግን ይበላል። ሁለት ጊዜ ጨለፉ።

ሲመሽ የልጇ ስልክ ጮኸ።

«እማዬ፣ ወሰንሽ? መቼ ልምጣና ልውሰድሽ?»

«አልመጣም፣ የኔ ልጅ። ባል ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«ፊት ለፊት ያለውን ሥጋ ሻጭ።»

«ጨው ሻጩን? እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው? ማን ሊጠብቅሽ ነው እዚያ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ቁም ሳጥኑን አየች፤ ከዚያ በርሜሉን አየች። እሱ ደግሞ በሁለት እግሩ ቁም ሳጥኑ ፊት ተገትሮ ነበር፣ እንደ ዘበኛ።

«አይዞህ፣ የኔ ልጅ» አለች፤ «ከአንተም ከሐኪሙም የባሰ ሰው ነው የገጠመኝ።»