የማያርፍ አውሮፕላን ፍለጋ

ታላቅ እህቴ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። የእኔን ሚኒባስ ጨምሮ በከተማችን ከሚርመሰመሰው ታክሲ ግማሹን ያለበሰችው እሷ ናት። ጎረምሳ ሾፌር አይመልሳትም፣ መርፌ ጣቷን ቢወጋት ጣቷን ትጠባና ሥራዋን ትቀጥላለች። በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቃል ነው። «አረፈ» የሚለው ቃል።

በእሷ ፊት አረፈ፣ እረፍት፣ ማረፊያ ብሎ ነገር የለም። የጎረቤት ልጆች ሲረብሹ «አርፋችሁ ተቀመጡ» አይባሉም፤ «ተቀመጡ» ብቻ ይባላሉ፤ ስለዚህም አይቀመጡም። እኔ እንኳን የእረፍት ቀን የለኝም፤ «መኪና የማላወጣበት ቀን» ነው ያለኝ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ይስቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ማሽኗ ላይ እንዳለች የጭነት ማኅበሩ ሰው ደወለላት። «እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አረፉ» አላት። እሷ ደስ አላት። «ጎሽ! ይረፍ እንጂ፣ ደክሞታል» አለችው። ሰውዬው ስልኩን ዘጋ፤ እሷም ስፌቷን ቀጠለች። እኛ እያለቀስን በሩን ስናንኳኳ ውስጥ እየዘፈነች ነበር። ልቡ ነው የቆመው። መኪናውን ግን ዳር አስይዞ፣ ፍሬን ጎትቶ ነው የሄደው፤ ጠንቃቃ ሰው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ቤት ያደገች ልጇ ምን ልሁን ብትል ጥሩ ነው? አውሮፕላን አብራሪ! የሙያ ድርቅ የመታን ይመስል! አብራሪ ሥራው መነሳትና ያቺ ነገር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሰፈርተኛው ገና ሳትመዘገብ «ካፒቴን» ብሎ ሰየማት። የአባቷ መኪና የተሸጠበት ገንዘብ ለትምህርቷ ተቀምጧል፤ እናቷ እሺ ካላለች ግን ንክች የለም። እህቴ ደግሞ ሙያውን አልጠላችውም። «የአባቷ ልጅ አይደለች? መሪ ትወዳለች» አለች መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች። «ትምህርት ቤቱን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።»

ሾፌሩስ? እኔ ነኛ። መኪና በማላወጣበት ቀን መኪና አወጣሁ።

የበረራ ትምህርት ቤቶቹ ያሉት ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። መንገዱ ላይ ዝሆን የሚያክል ሰሌዳ «አውሮፕላን ማረፊያ» ይላል። እንዳታየው ብዬ «እትዬ፣ ከኋላ ያለው ወንበር ስፌቱ ተተርትሯል» አልኳት። ዘወር ብላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። አንድም የተተረተረ የለም። ሰሌዳውን አለፍን፤ እስክንደርስ ድረስ ግን ስትሰድበኝ ሄደች።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መስታወት በመስታወት ነው። ከረባት ያሰረ የምዝገባ ኃላፊ ተቀበለን፤ የለየለት ቅቤ አንጓች።

«እናታችን፣ በእኛ ልብዎን ይጣሉ» አላት። «ተማሪዎቻችን ገና ዓመት ሳይሞላቸው ብቻቸውን ያርፋሉ።»

እህቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። «ስንቶቹ?»

«ሁሉም!»

«ሁሉም?»

«አንድም የቀረብን የለም። እንዲያውም ጎበዝ ጎበዞቹ ቶሎ ነው የሚያርፉት።»

ካፒቴን እግሬን ረገጠችኝ፤ አስቁመው ማለቷ ነው። እኔ ግን ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ነክሼ ስለነበር መናገር አልችልም።

«ለወላጅ ትነግራላችሁ?» አለች እህቴ ቀስ ብላ።

«እንዴታ! ወላጅማ ይጋበዛል። በረንዳው ላይ ቆሞ ልጁ ስታርፍ እያጨበጨበ ያያል። ፎቶ አንሺም አለን።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። እህቴን የደረስኩባት ሚኒባሱ በር ላይ ነው።

ሁለተኛው ግቢ ውስጥ አንዲት አውሮፕላን ቆማለች። ሞተሯ ተፈትቶ ከሄደ ሰንብቷል፤ በባዶው ቦታ ርግቦች ገብተው ወልደዋል፣ ከብደዋል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ገብተው መሪ ይይዙና የሞተሩን ድምፅ በአፋቸው ያሰማሉ። ዳይሬክተሩ ሳያፍር «መለዋወጫ እየጠበቅን ነው» አለን። «እስከዚያው በሐሳብ እናበራለን።»

እህቴ ጆሮዋን አቆመች። «በዚች አውሮፕላን... ያንን ነገር የሆነ ተማሪ አለ?»

«የትኛውን ነገር?»

ካፒቴን ጠጋ ብላ በጆሮው ሹክ አለችው።

«ኧረ እናቴ፣ መች የተነሳ አለና!»

የእህቴ ፊት በራ። ወደ አውሮፕላኗ ገባች፣ ወንበሩን ዳሰሰች፣ ስፌቱን አደነቀች፣ ለርግቦቹ ሳይቀር ፈገግ አለች። ስትወጣ «ትምህርት ቤት ማለት ይሄ ነው» አለች። «ሰኞ ትመዘገቢያለሽ።»

ካፒቴን ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «እማዬ፣ እዚህ ከገባሁ አርጅቼ ነው የምወጣው!»

«እኮ!» አለች እናቷ። «አርጅተሽ ውጪልኝ። ሌላ ምን ፈለግሁ?»

እስከዚህ ድረስ ስስቅ ነበር። እዚህ ላይ ሆዴ ባባ። ሆዴ ሲባባ ደግሞ ቁጣ ይቀናኛል፤ ማንንም ሳላማክር መሪውን ጠምዝዤ ወደ ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነዳሁት።

ሦስተኛው የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሁለት ያረጁ አውሮፕላኖች አሉ፤ ሞተር ግን አላቸው። ዋናው አስተማሪ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ቁጢጥ ብሎ የአውሮፕላን ጎማ በመዳፉ ይዳብሳል። እህቴ ሰላምታም ሳታስረዝም ነገሯን ዘረገፈችው፤ የባሏን ነገር፣ የስልኩን ነገር፣ የዚያችን ቃል ነገር። «ልጄ እዚህ ከገባች ያቺ ቃል በእኔ ጆሮ አትገባም» አለችው።

ሰውዬው አልሳቀም። «በሬዲዮ የምንነጋገረው እኮ በውጭ ቋንቋ ነው» አለ።

«በውጭ ቋንቋ የፈለጉትን ይበሉ። እኔ የምሰማውን ነው የምልዎት።»

«ታዲያ በምን እንተካው?»

ጉባኤ ተቀመጥን። መፍቻ ይዞ አጠገባችን የቆመው መካኒክ «ተቀመጠች» እንበል አለ፤ እህቴ «ዶሮ ናት?» ብላ መለሰችው። ካፒቴን «ደረሰች» አለች፤ አስተማሪው ሳይወርዱም መድረስ አለ ብሎ ጣለው። «ወረደች» ሲባል ከምኑ ተብሎ ክርክር ተነሳ። የእኔ ትዕግሥት አለቀ።

«በቃ ‹ወራጅ አለ› በሉዋ!» ብዬ ጮህኩ። ቀልዴን አልነበረም፤ ተናድጄ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ ነው አፌ ላይ የመጣው።

መካኒኩ መፍቻውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። አስተማሪው ግን ቃሉን ቀስ ብሎ ደገመው። «ወራጅ አለ... ጥሩ ነው። ወራጅ ወርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ሁላችንም ያለቀ መሰለን። እህቴ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደውልልኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ይሉኛል?»

ጎማውን ትቶ ብድግ አለ። «ምንም አይፈጠርም ብዬ አልዋሽዎትም፣ እህቴ። ያየሁትን እነግርዎታለሁ። በደንብ እንደገባዎት ሳላረጋግጥ ግን ስልኩን አልዘጋም።»

እህቴ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ተመዝገቢ» አለቻት።

ቃሉ በትምህርት ቤቱ እንደ ጉድ ተዛመተ። አውሮፕላን ዝቅ ባለ ቁጥር ከመካኒክ እስከ በር ጠባቂ «ወራጅ አለ!» ይላል አሉ። ካፒቴን ከአስተማሪ ጋር ስትበር ቆይታ ብቻዋን የምትበርበት ቀን ደረሰ። እህቴን ልጇ ነይ ብትላት፣ እኔም ብለምናት፣ «እኔ ሥራ አለብኝ» አለች። ሥራዋ ያ ያልተተረተረው የእኔ ወንበር ነበር። ትፈታዋለች፣ ትሰፋዋለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። እኔም ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩምና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሻይ አፈላሁ፤ ሁለታችንም አልጠጣነውም።

ስልኩ ጠራ። እህቴ እጇን ከጨርቁ ሳታነሳ «አንሳው» አለችኝ። ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«እህቴ!» አለ አስተማሪው እያለከለከ፤ ደስታ አእምሮውን ነስቶታል። «አረፈች! ልጅዎ አረፈች!»

ማሽኑ ቆመ። እሱም ያለው ነገር ያኔ ገባው መሰለኝ መንተባተብ ጀመረ። «ማለቴ... ማለቴ ወራጅ... አይዝጉት! እባክዎን አይዝጉት!» ነጠላ ጫማው እየተንጣጣ ሲሮጥ ይሰማናል። ከዚያ የሞተር ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ፣ ከጫጫታውም በላይ የዚያች ልጅ ጩኸት መጣ፦

«እማዬ! ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!»

እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። እህቴ አላለቀሰችም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ገብቶዎታል?» ይላል አስተማሪው፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። «እህቴ፣ በደንብ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አለችው። «ጎሽ! ትረፍ እንጂ፣ ደክሟታል።»