አምስተኛው ስም

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታውን እንድንይዝ ታዘዝን። ዘጠኝ ነበርን። መሪያችን ከገሰራ ከተማ የመጣው ልጅ፣ አስር አለቃ ጀማል ነበር፤ የሕክምና ቦርሳው በእኔ ትከሻ ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ጫፉን ያዝን። አራት ሰዓት ላይ በመድፍ ተመታን። እግሬን ቆሰልኩ። ሌሎቹ ሲያፈገፍጉ ጀማል በተኩስ መሐል ወደ እኔ ተመለሰ።

«ሐኪሟ፣ ተነሺ።»

«አልቻልኩም። ትተኸኝ ሂድ።»

አዝሎ አወረደኝ። ልጆቼ፣ እናንተ የተወለዳችሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ጀማል በመሬት ድንበር ጠብ ጎረቤቱን ገድሎ ሮቤ መታሰሩን ሰማሁ። ከምኖርበት ከጎባ ሁለት ጊዜ ልጠይቀው ሄድኩ። ሁለቴም «አላውቃትም በሏት» ብሎ አስመለሰኝ።

ሦስተኛው በሁዳዴ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ዳቦ ይዤ ማረሚያ ቤቱ በር ደረስኩ። እዚያ ጠያቂው ያመጣውን ምግብ ራሱ ካልቀመሰ አይገባለትም።

«እናቴ፣ ይቅመሱ» አለኝ ፖሊሱ።

«ጾም ላይ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።»

«በዚህ ፀሐይ ሊጠብቁ?»

አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ፖሊሱ ገብቶ ለጀማል ነግሮት ኖሯል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆርሼ ቀመስኩ። ቀና ስል ጀማል ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ሸብቷል።

«ሐኪሟ፣ ዛሬም አልነሳም አልሽ?»

«አንተስ ያኔ ትተኸኝ ሄደህ ነበር?»

ዳቦውን ተቀበለና ሳቀ። «ረመዳን ዛሬ መግባቱን ረሳሽው? ጾመኛን በጠራራ ፀሐይ ልታበዪ!»

አፈርኩ። የራሴን ጾም ስጠብቅ የእሱን ረስቻለሁ።

«ግድ የለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ እንካፈለዋለን። የክፍላችን ክርስቲያኖችም ከእናንተ ከሙስሊሞቹ በፊት አንቆርስም ብለውናል።»

እስር ቤት እንዲህ ያለ ማዕድ አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የኮረብታውን ሙታን አብረን ጠራን። አስፋው፣ ቶሎሳ፣ ከድር፣ ወልዴ። እኔ አማተብኩ፤ እሱ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። አሜን አልን። ልሄድ ስነሳ፣

«አንድ ቀረ» አለ።

«አራት ናቸው እኮ።»

«ቱፋ። እኔ የገደልኩት ጎረቤቴ። እስከ ዛሬ ስሙን ለመጥራት አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር። ከእነሱ ጋር አንቺም ጥሪልኝ።»

ዘጠኝ ወጥተን አምስት ተመለስን፤ አራት ቀሩ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ግን አምስት ስም እጠራለሁ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ይህን አሳየኝ። ጀማል ያን ቀን በተኩስ መሐል ሲመለስ ያየሁት፣ ከሁሉ የሚበልጥ ድፍረት ይመስለኝ ነበር፤ የቱፋን ስም ሲጠራ እስክሰማው ድረስ።