ከምዝገባው ጠረጴዛ በላይ የተለጠፈው ሥዕል

በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ በጠናበት ወቅት፣ ለዜና ሥራ ውጫሌ ሄጄ ነበር። የሰፈራ ምዝገባ በሚካሄድበት ቢሮ፣ ከጠረጴዛው በላይ፣ ከውጭ አገር ካላንደር የተቀደደ ሥዕል ተለጥፏል። ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የተሣለ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ሴቶች በታጨደ ማሳ ላይ አጎንብሰው ይቃርማሉ፤ ከኋላቸው የነዶ ክምር ይታያል።

አቶ ይመር የሚባሉ የአምባሰል ገበሬ ገቡ። መሬቴን ትቼ አልሄድም ብለው ሁለት ጊዜ የተመለሱ ሰው ናቸው። ሥዕሉን ተጠግተው አዩት።

«የምትወስዱን እዚህ ነው?» አሉ።

መዝጋቢው ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ። «አገሩ ለም ነው፣ አባባ።»

«ለምማ ነው። ለቃራሚ ይህን ያህል የሚተው ሰው ዘካም አይረሳ። ደግሞ ቃራሚዎቹ ራሳቸው ወፍራም ናቸው። እኛ ዘንድ ባለማሳውም እንዲህ አይወፍር።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ አገር ያየህ ትመስላለህ። ታውቀዋለህ ይኸን ቦታ?»

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

«ሄጄበት አላውቅም» አልኩ። ሐሰት አልነበረም።

«በል እንግዲህ፣ ቢስሚላህ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

የአምባሰል ገበሬዎች በፈቃዳቸው እየተመዘገቡ ነው የሚለው ዜናዬ ከአቶ ይመር ፎቶግራፍ ጋር ወጣ። ፎቶግራፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሥዕሉ እንዳይገባ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አስጠግቻቸው ነበር።