ከሠንጠረዡ ግርጌ የተገኘች ትምህርት ቤት

ወይዘሮ ይርጋነሽ ኃይለ ሚካኤል ቢቸና ውስጥ በትምህርት መረጃ ሠራተኛነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። የአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ እንደመዘገቡ፣ በስምንተኛ ክፍል ፈተናም ምን ውጤት እንዳመጡ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍረው ያወዳድራሉ።

አምና በፈተና ውጤት የመጨረሻዋ ወይራ አምባ የምትባል የገጠር ትምህርት ቤት ሆነች። ከሃያ ሦስት ሃያ ሦስተኛ! አለቃቸው፣ “ለምን ከጎረቤቷ ጋር አናዋህዳትም?” አሉ፤ የቢሮው ሰውም ተስማማ። ይርጋነሽ ግን አንድ ነገር አልዋጥላቸው አለ። በየትምህርት ቤቱ የተማሪ ቁጥር ሲቀንስ፣ የወይራ አምባ ከሁለት መቶ አሥር ወደ ሦስት መቶ አርባ ወጥቷል።

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ ተነሡ፤ ጥርጊያው ሲያልቅ በእግራቸው ሄዱ። ርእሰ መምህሩ ውበቴ የሚባል ወጣት ነው።

“መምህር፣ ምን ነካችሁ? ውጤታችሁ እንዲህ የወረደው ለምንድን ነው?”

ውበቴ መዝገቡን ገለጠላቸው። በአካባቢው በነበረው ግጭት የተነሣ ሁለትና ሦስት ዓመት ከትምህርት የራቁ ልጆች፣ ከሌላ ቦታ “ክፍሉ ሞልቷል” እየተባሉ ሲመለሱ እሱ ተቀብሏቸዋል። ለፈተናም አስቀምጧቸዋል።

“ደካሞቹን ባስቀር ደረጃችን ያምር ነበር” አለ። “ግን ወዴት ይሂዱ?”

ይርጋነሽ የራሳቸውን ልጅነት አስታወሱ። እሳቸውም ሞጣ ላይ ፊደል የቆጠሩት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ምዝገባው ተዘግቶ በር ላይ ሲያለቅሱ፣ መምህር ከሊፋ የሚባሉ ሰው “ነገ ደብተር ይዘሽ ነይ” ባይሏቸው ኖሮ ዛሬ ሠንጠረዥ የሚሠራ እጅ አይኖራቸውም ነበር። ይህን ለውበቴ ነገሩት።

ልጆቹ ሲገቡ የተፈተኑበትን ወረቀት ተቀብለው ተመለሱ። የሌሎቹንም ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ውጤት አሰባስበው፣ ሦስት ሳምንት ደክመው ሌላ ሠንጠረዥ ሠሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚያሳይ። በዚያኛው ወይራ አምባ ሁለተኛ ወጣች።

አለቃቸው ወረቀቱን ደጋግመው አዩት።

“ይህን እስከ ዛሬ ለምን አላየነውም?”

“ጥፋቱ የእኔም ነው ጌታዬ። ከላይ እስከ ታች የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።”

ማዋሃዱ ቀረ። ሁለት መምህራን ተላኩ፤ አንዷ የሒሳብ መምህርት ወይንእሸት ናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ በዋናው ሠንጠረዥ አሥራ አምስተኛ ሆነች። ገና ከመሐል በታች ናት።

በመስከረም አለበል የሚባሉ የወይራ አምባ ገበሬ ሄለን የምትባል ልጃቸውን ዘጠነኛ ክፍል ሊያስመዘግቡ ቢቸና መጡ። ልጅቷ በግጭቱ ሦስት ዓመት ከቤት ውላ፣ በኋላ ውበቴ ተቀብሏት ስምንተኛ ክፍልን ያለፈች ናት። የይርጋነሽን ቢሮ ጠይቀው አገኙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“እግዜር ይስጥልን፣ እመቤቴ። ትምህርት ቤታችን በእርስዎ ነው የቆመችልን።”

“ኧረ ምስጋናው ለመምህር ውበቴ ነው” አሉ ይርጋነሽ፤ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወደ ልጅቷ ዞረው፣ “አንቺስ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው?” አሏት።

“ደስ ይላል። ሒሳብ ግን አሁንም ይከብደኛል” አለች ሄለን።

ሦስቱም ሳቁ፤ ይርጋነሽም ተነሥተው መመዝገቢያውን ሊያሳዩአቸው አብረዋቸው ወጡ።