ሳላስበው ሰላም ያልኳቸው ሰው

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሆነ ነገር ነው። በካዛንቺስ በኩል በነዳሁ ቁጥር ብቻዬን ስለሚያስቀኝ እስቲ ልጻፈው አልኩ።

ሥራዬ ሜትር ታክሲ መንዳት ነው። ባምቢስ፣ ለገሃር፣ መስቀል አደባባይ፣ ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ስል ቤቱ ተሽከረከረ። ማለቴ፣ ትንሽ ማዞር እንዳይመስላችሁ፤ ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ሆነ። የአልጋውን ብረት አንቄ ይዤ አስመለሰኝ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ይጮሃል። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሰናይት "ግፊት ነው!" ብላ እያለቀሰች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ግፊት አልነበረም። የጆሮ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል የሚሄድ ነርቭ አለ፤ ድምፅንም ሚዛንንም የሚያደርሰው እሱ ነው። የእኔ የግራው ከጉንፋን በኋላ ተቆጥቷል።

"መስማትሽ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል" አለችኝ። "ሚዛንሽን ግን አንጎልሽ እንደ አዲስ ይማረዋል። ከተንቀሳቀስሽ ነው ታዲያ፤ ከተኛሽ አይማርም።"

"መንዳትስ?" አልኳት። ሌላው ሁሉ አላስጨነቀኝም። እኔም እናቴም የምንበላው፣ ሰናይትም የምትማረው በዚያች መኪና ነው።

"ራስሽን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እያደረግሽ ቀጥ ብለሽ መራመድ እስክትችይ መሪ እንዳትነኪ።"

ይኸው ነው? በቃ፣ እችላለሁ አልኩ። ግትርነቴን ሰፈር ያውቀዋል።

በማግስቱ ሰናይትን ተደግፌ ካዛንቺስ ወጣሁ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈ ቢጫ መስመር አለ። እሱን ይዤ መራመድ ጀመርኩ። ትንሽ ቆየት ብሎ ሰናይትን "አንቺ ወደ ትምህርትሽ!" ብዬ አባረርኳትና ብቻዬን ቀጠልኩ።

እስቲ አስቡት። አንዲት ሴት ዓይኗን አፍጥጣ፣ ለቀኙም ለግራውም ራሷን ዝቅ ከፍ እያደረገች ትመጣለች። በእኛ አገር ይሄ ሰላምታ ነው! ቢሮ የሚገባው ሁሉ አጸፋውን ይመልስልኛል። ጎረምሳው "ማዘር፣ ሰላም ነው!" ይለኛል። አንዲት ልጅ ካለፈችኝ በኋላ ተመልሳ "ይቅርታ፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?" አለችኝ። ቆሜ ላውራ ብል ምድር ትዞርብኛለች፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

ያሳቀቁኝ ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ቆብ አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሁልጊዜ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ብቅ ስል በስንት መከራ ብድግ ይላሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሱኛል። አባቴን የሚያክሉ ሰው! መሄዱ ይቅር እንዳልል ልምምዴ ነው፤ መንገድ እንዳልቀይር ቢጫው መስመር የሚያልፈው በእሳቸው በኩል ነው።

አንድ ጠዋት ተሻለኝ ብዬ ፈጠን አልኩ። ራሴን ወደ ግራ ሳዞር መንገዱ ከሥሬ የተነጠቀ መሰለኝና በመዳፌና በጉልበቴ ዘፍ አልኩ። ወዲያው ሰው ከበበኝ።

"በጠዋቱ ጠጥታ ነው" አለ አንዱ።

"የለም፣ የሚጥላት ነው! ክብሪት ጫሩላት!" አለች ሌላዋ። እውነትም አንዱ ጭሮ ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አፌን ብከፍት ሊያስመልሰኝ ነው። ከማዞሩ በላይ ንዴቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ዳግመኛ መሪ አልይዝም ብዬ ተስፋ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ዞር በሉ! አየር ስጧት!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው፤ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሰዉን በተኑት። "የማውቃት ልጅ ናት! ጨዋ ልጅ ናት፤ አንድም ቀን ሰላም ሳትለኝ አልፋ አታውቅም!"

ደግፈው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ። ጋሽ ሽኩር ይባላሉ። ሱቃቸው እዚያው አካባቢ ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሳ ጎረቤቶቻቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ።

"እዚህ የምቀመጠው የማውቀው ሰው ካለፈ ብዬ ነው" አሉኝ። "ወላሂ፣ ካንቺ በቀር የሚያየኝም የለ። የማን ልጅ ነሽ ግን? መልክሽ ጠፋኝ።"

ምን ልበል? መዋሸት አልሆነልኝም። ነርቩንም፣ ሐኪሟንም፣ ታክሲዬንም ዘረገፍኩላቸው። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ነበር።

"እና እኔ በዚህ ጉልበቴ ስነሳ ስቀመጥ የከረምኩት ለነርቭሽ ነው?" አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ኮስተር ብለው "በይ ተነሺ" አሉኝ።

"አሁን?"

"አሁን። ወድቀሽ ወደ ቤት ከገባሽ ነገ ትፈሪያለሽ። እኔ በግራሽ በኩል ነኝ።"

ቀኝ ጎኔ እንደሆነ ደህና ነው። በደከመው ጎኔ እሳቸው ሆነው፣ ጉልበቴ እየደማ፣ መስመሩን ይዤ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ብዙ ጠዋት አብረን ተራመድን። ሐኪሟ ፊት ራሴን እያዞርኩ ቀጥ ብዬ የሄድኩ ዕለት መጀመሪያ የደወልኩት ለእሳቸው ነው።

ግራ ጆሮዬ አልተመለሰም። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ደግነቱ ተሳፋሪ የሚቀመጠው በቀኜ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ቀን እሳቸው ከሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ መብራት ያዘኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ራሴን ጎንበስ አደረግሁ። ምድር ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጋሽ ሽኩር ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

"ኧረ በአላህ ይቀመጡ!" አልኩ።

"ይሄኛው ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ነዋ! ለእርስዎ!"

አረንጓዴ በርቶ ኖሮ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አንባረቀው። ያንባርቅ። ሰላምታቸውን ተቀብዬ ነው የሄድኩት፤ ዛሬም በዚያ ሳልፍ እንደዚያው ነው የማደርገው።