ሰይድ ያልተኮሰባት ደቂቃ

ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ፍሬ ይዞ ያጎነበሰበት። ከመርሳ በታች ያለውን ማሳችንን ግን ከርከሮ ገለባብጦታል። ልጆች፣ ከርከሮን ንቃችሁ አትቅረቡ። ሥጋው ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አይሆንም፤ ክራንቻው ግን ማንንም አይለይም።

የወጣነው እኔና ጎረቤቴ ሰይድ ነን። የመሣሪያ ምዝገባ ሲባል የሟች ባሌን ምንሽር ጠመንጃ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ወደ ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩ። «እስኪጣራ እዚህ ይቀመጥ» ብለው አስቀሩት፤ በእጄ የቀረው ወረቀት ነው። ሰይድ ይህን አይቶ ክላሹን ሳያስመዘግብ አገዳ ክምር ውስጥ ሸሸገ። ስለዚህ እኔ ጦር ይዤ፣ እሱ ክላሹን በጋቢው ጠቅልሎ ሄድን።

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ዱካው ጥርት ብሎ ይታያል። ወደ ፈፋው ይወርዳል። ሰይድ በአፋፉ ሲከተል እኔ ውስጥ ገባሁ። ስህተቴ ይሄ ነበር። ፈፋው እየጠበበ ሄዶ በገደል ተዘጋ። ልመለስ ስዞር ከርከሮው ከቁጥቋጦ ሥር ወጥቶ መውጫዬ ላይ ቆሟል።

ጦሬን ወረወርኩ፤ ትከሻውን ጭሮት አለፈ። ከኋላ ገደል፣ ከግራ ከቀኝ ገደል።

«ተኩስ!» አልኩ።

«እማማ፣ ሚሊሻዎቹ አስፋልቱ ላይ ናቸው፤ ይሰማሉ!»

«ይስሙ!»

«ይወስዱብኛል እኮ! ድንጋይ ልወርውርበት?»

«ዶሮ መሰለህ እንዴ? ተኩስ አልኩህ!»

እሱ ግን ድንጋይ ወረወረ። ከርከሮው ተቆጥቶ የመጣው ወደ እኔ ነው። ጭኔን ሲሰነጥቀው ሰይድ ተኮሰ፤ እንስሳው እግሬ ላይ ወደቀ።

ሰይድ ጥምጣሙን ፈትቶ ቁስሌን ሲያስር ሚሊሻዎቹ ደረሱ። መሮጥ ይችል ነበር፤ አልሮጠም። «ይህ ክላሽ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ!» ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ቁጥሩን አመሳከሩ፤ አልገጠመም።

«የሚገጥመውማ እናንተው ዘንድ ተቀምጧል!» ብዬ ጮህኩ። ክላሹን ይዘው ሄዱ።

አሁን ደግሞ አዲስ የምዝገባ ሕግ ይመጣል እየተባለ ነው። ምዝገባውን አልጠላም፤ ማን ምን እንደያዘ ይታወቅ። ግን ያስመዘገበ ሰው መሣሪያውን በዕለቱ ይዞ ይመለስ፤ ደሃም ባለሥልጣንም እኩል ይሰለፍ። አለዚያ ቀና ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፣ ሌላው ይደብቃል፤ የጨነቀው ሰው ሲጮህ ደግሞ የደበቀው ያመነታል።

ሰይድን ለምን እንዳልተቀየምኩት ትጠይቁኛላችሁ። ሕይወቴን አትርፎ የተቀጣው እሱ ነው። ክላሹ በስሙ ተመዝግቦ እስኪመለስለት ድረስ በየስብሰባው እያነከስኩ እሄዳለሁ፤ ቢሰለቹኝም።