ሐዲስ የሚያነክስበት እግር

የሰፈራችን ባለጋሪ ሐዲስ ፈረሱን ቦራን ሳይመረምር ከቤት አይወጣም ነበር። ናዝሬት ገና ሳትነቃ የቦራን ጥርስ ያያል፣ ኮቴውን አንስቶ ይፈትሻል፣ ሆዱን ይደባብሳል። ስለ ራሱ ጤና ሲጠየቅ ግን መልሱ «እኔ ምን እሆናለሁ?» ነው። በሃያ ስድስት ዓመቱ ማን ምን ይሆናል!

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለን ሁሉ ለጤና ምርመራ ቅዳሜ አዳራሽ እንድንገኝ ጮኸ። ለጤና! ማን ይመን? ጤነኛ ወጣት ለምን እንደሚፈለግ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። የሐዲስ ሚስት ሸዋወርቅ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ልጁን ሳያይ ግንባር መሄድ አልፈለገም፤ እንዳይቀር ቀበሌውን ፈራ። ስለዚህ ሊያነክስ ወሰነ።

ቅዳሜ እያሳለ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ገባ። የተሰለፍነው ጎረቤቶቹ ሳቃችንን ዋጥን። ጠና ያሉት ነርስ፣ ሲስተር ዲንቄ፣ እግሩን ዞር ብለውም አላዩት። የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቅልለው ለኩ፤ ደግመው ለኩ።

«ደም ብዛት አለብህ» አሉት።

የሐዲስ ፊት በራ። «እግዜር ይስጥዎ ሲስተር! እንግዲህ አልሄድማ?»

«የት?»

«ግንባር ነዋ!»

«የምን ግንባር! ሳታውቁት የታመማችሁ ካላችሁ ለማየት ነው የመጣነው። ከቤተሰብህ በድንገት የሞተ አለ?»

ሐዲስ ማሳሉን ተወ። አባቱ በአርባ ዓመታቸው ደራ ገበያ መሐል ወድቀው አልተነሱም፤ ያኔ ሰው ሁሉ «ዓይን ነው» ብሎ ነበር። ልጄን ያለ አባት ያስቀርብኛል ብሎ የፈራው ጦርነቱን ነበር።

«ደንግጠህም ይሆናል፤ በሳምንቱ ተመለስ» አሉት።

ሲወጣ የሚያነክሰው በግራ እግሩ ነበር። ማናችንም አልሳቅንም።

በሳምንቱም ግፊቱ አልወረደም። ክኒን ታዘዘለት፣ ጨው ተከለከለ። ሸዋወርቅ ጨው የሌለው ወጥ ስታቀርብለት «ከዚህስ ግንባር ይሻለኝ ነበር» እያለ ሲነጫነጭ ከአጥር ማዶ እንሰማዋለን። ቢሆንም ይበላል።

ወንድ ልጅ ተወለደለት። ሐዲስ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልሎ ክሊኒክ ይዞት ሄደ።

«ሲስተር፣ እሱንም ይለኩልኝ። እንደ አያቱ እንዳይሆንብኝ።»

ሲስተር ዲንቄ ሕፃኑን ተቀብለው አቀፉት።

«ለእሱ ገና ነው» አሉ። «አንተ ቁጭ በልና እጅጌህን ሰብስብ።»